ድምፁ የተዘጋበት እጅ

ማማ አብላ መሳደብ እንጂ መሰደብ አታውቅም። ያን ቅዳሜ ግን አንድ ሥዕል በመንደሩ ሁሉ ፊት ሰደባት።

ሥዕሉን ያመጣው ሴንዮ የሚባል፣ አክራ ያደገ የዩኒቨርሲቲ ሰው ነው። ሥራው ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው ሲያወሩ ማጥናት ነው፤ ምን እንደሚያወሩ ሳይሆን እንዴት እንደሚያወሩ። ማን መቼ ዓይኑን ጨፈነ፣ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪጀምር ምን ያህል ዝም ተባለ፣ እጅ ከቃል ቀደመ ወይስ ተከተለ። አንዲቱን ሰከንድ አሥር ቦታ ይመትራታል። ማማ አብላ መጀመሪያ ስትሰማ፣ «ይህንን እናትህ ጡት ስታጠባህ አላስተማረችህም?» ብላው ነበር።

ቢሆንም ፈቀደችለት። ሴቶቹ ካሳቫ በሚያምሱበት ዳስ ካሜራውን አቁሞ ይሄዳል፤ እሱ ካለ ሰው እንደ ልቡ አያወራማ። ከዚያ አክራ ገብቶ ከረመና ቅዳሜ ዕለት፣ ለምስጋና ብሎ፣ በቶግቤ ግቢ ትልቅ ቴሌቪዥን አቆመ። ቶግቤ የመንደሩ ሹም ናቸው። ሰው ድምፅ በሌለው ፊልም ራሱን እያየ ሲስቅ ቆይቶ ያ ሥዕል መጣ፤ ማማ አብላ ግራ እጇን አብራት የምታምሰው አሜዉሲካ ፊት ላይ ዘርግታ።

ሳቁ ተቆረጠ። ከቮልታ ወንዝ ማዶ ግራ እጅ ለሰው አይዘረጋም፤ ሕፃን እንኳ በግራው ቢቀበል መዳፉን ይመታል። ይህች ደግሞ በሴቶች ዱካ የምትቀመጥ፣ ስለ ሴቶቹ የምትናገር ሴት ናት። የቶግቤ ቃል አቀባይ ኮምላ እዚያው ተነሥቶ «ማክሰኞ ጠዋት ችሎት ነው» አለ። ከተፈረደባት በግ ታርዳለች፣ አሜዉሲካ ፊት ትንበረከካለች፣ ከዱካውም ትወርዳለች። ዱካው ከዚያ ለማን እንደሚደርስ ደግሞ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ለአሜዉሲካ።

«ቀኜ ማመሻውን ይዞ ነበር» አለች ማማ አብላ። «‹ግራ ነው› ብዬ ነው የዘረጋሁት። እሷም መልሳልኛለች።»

የግድ ሲሆን እንደዚያ ይባላል። ሰሚው «እጅ ነው» ብሎ ይመልሳል፣ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ሰው ሁሉ ወደ አሜዉሲካ ዞረ። አሜዉሲካ አቀርቅራ የጨርቋን ጫፍ ወደ ውስጥ አጠፈች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የዚህች ሴት ዝምታ ግን ቅዳሜ ተጀምሮ እሑድ ነቀዘ፣ ሰኞ ዱቄት ሆነ። ማማ አብላን ያንገበገባት ሥዕሉ አልነበረም። አርባ ዓመት በአንድ እሳት አብራት ያመሰች፣ ስትወልድ ሦስት ልጆቿን በእጇ የተቀበለችላት ሴት ናት ዝም ያለችባት።

ሰኞ ጠዋት ሴንዮ ያረፈበት ቤት ሄዳ በሩን በዱላዋ አንኳኳች።

«ማማ፣ በጣም አዝናለሁ። እኔ የማጠናው እጁን ብቻ ነበር።»

«እጁ ብቻውን መጥቶ ነው ዳሱ ውስጥ የተቀመጠው?»

«እጅ ስናጠና ድምፁን እንዘጋለን። ጆሮ ዓይንን እንዳያታልለው።»

«አፌን ዘግተህ እጄን ለፍርድ አቆምከዋ።»

አንገቱን ደፋ።

«ድምፁ የት አለ? ጣልከው?»

«አለ፣ ማማ። ያንን ክፍል ግን ገና አልሰማሁትም።»

«ሰከንድ ስትመትር ዓመቱ አለቀብህ። ነገ ይዘኸው ና። ከመጀመሪያው፣ ሳትቆርጥ።»

«እሺ። ግን... ካላሉትስ? ሰው ያላለውን ያለ ይመስለዋል፤ በሥራዬ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።»

ከእግሩ እስከ ራሱ አየችው። «ካላልኩ የበጉን ቢላዋ ራሴ እስላለሁ።»

ማክሰኞ ግቢው ጢም አለ። በጉ ጥግ ላይ ታስሯል። ሴንዮ ድምፁን ከፈተው። መጀመሪያ ማመሻው ብረቱን ሲፍቅ ተሰማ፣ ቀጥሎ የአሜዉሲካ ድምፅ፦ «ኮምላ እኮ በችሎት መሃል ያንኮራፋል፤ ቶግቤ የሚናገሩት እሱን ለመቀስቀስ ነው።» ሰው አፉን በእጁ ያዘ። ኮምላ ሰማይ ሰማይ አየ።

ከዚያ የማማ አብላ ድምፅ መጣ፣ ያቺው ግራ እጅም አብራው፦ «ግራ ነው፣ አንቺ፣ ጨርቅሽ እሳት ይዞታል።»

«እጅ ነው! ወይኔ ጨርቄን!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሲቃጠሉ እንኳ ወጉን ያልረሱ ሴቶች። ቶግቤም ሳቁና ለኮምላ አንሾካሾኩ። ኮምላ፣ «ዱካው የማማ አብላ ነው። ነገሩ ተዘግቷል» አለ።

«አልተዘጋም» አለች ማማ አብላ። እሷ አልሳቀችም። ወደ ሴንዮ ዞረች። «አንተ ዝምታ ትለካ የለ?»

«እለካለሁ፣ ማማ።»

«የዚህችን ለካልኝ። ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ። አሥር ቦታ መመተር አያስፈልግህም።»

አሜዉሲካ ብድግ አለች። «አብላዬ፣ ሙች፣ ረስቼው ነው።»

«የተቃጠለ ጨርቅ ለብሰሽ? ቅዳሜ ወደ ውስጥ ያጠፍሽው ጫፍ ምን ነበር? ነይ ዘርጊው፣ ቶግቤ ይዩት።»

አሜዉሲካ አልዘረጋችውም።

ማማ አብላ በቀኟ ዱላዋን ተደግፋ ተነሣች። ከማድጋው ውሃ በቅል ቀዳች፣ በግራዋ። አሜዉሲካ ፊት ድረስ ሄዳ ዘረጋችላት።

«ግራ ነው።»

ሴንዮ ልማድ ሆኖበት ሰዓቱን አየ። ከቅሉ ውሃው ጠብ ጠብ አለ፤ አሮጊቷ ግን አላወረደችውም።

«እጅ ነው» አለች አሜዉሲካ፣ ለራሷ በሚመስል ድምፅ።

«ድምፁን ዘጉት እንዴ?» አለች ማማ አብላ።

«እጅ ነው።»

አሁን በጉም ሳይሰማ አልቀረም። ማማ አብላ ቅሉን ለቀቀችላትና ተመልሳ ዱካዋ ላይ ተቀመጠች። አሜዉሲካ ስትጠጣ ማማ አብላ ዓይኗን ከላይዋ አላነሣችም።