ወደ ላይ የሚዘጋ ዳዶ

ዳዶውን በአውራ ጣቷ እያሽከረከረች፣ በጥርሶቹ መሃል የገባውን የድንጋይ ብናኝ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ትጠርግ ነበር። ዳዶው ሳይንገራገጭ ዞሮ ዞሮ ከመጨረሻው ደረሰና ጥብቅ ብሎ ቆመ። ብረቱ ጤነኛ ነው። ደስ ሊላት ሲገባ አላላትም፤ ጥፋቱ የብረቱ ካልሆነ የሰው ነውና።

በእጇ የያዘችው ካራቢነር ነው። በገመድ ተንጠልጥለው የሕንፃ ግድግዳ የሚጠግኑት ባልደረቦቿ በአጭሩ ቀለበት ይሉታል። የሠራተኛውን ቀበቶ ከገመዱ ጋር የሚያገናኘው እሱ ነው። አንድ ጎኑ እንደ በር ወደ ውስጥ ይከፈታል፣ በስፕሪንግ ተመልሶ ይገጥማል፤ በሩ ላይ ያለው ዳዶ ደግሞ ዞሮ ይቆልፈዋል። ዳዶው ያልጠበቀ ቀለበት ገርበብ ተደርጎ የተተወ የግቢ በር ማለት ነው፤ ሰው እስኪገፋው ድረስ የተዘጋ ይመስላል።

ትናንት ታላቅ ወንድሟ ከግድግዳው ሲወርድ ቀበቶውን የተቀበለችው እሷ ነበረች። የዋናው ገመድ ዳዶ ጨርሶ ተከፍቷል። የመጠባበቂያው ገመድ ዳዶ እስከ ግማሽ ላልቷል። እሱ ከፀጉሩ ላይ አቧራ እያራገፈ፣ መስኮት ላይ ሆና ምላሷን ስላወጣችበት ሕፃን ያወራላት ነበር። ምንም አላወቀም። እሷም ነገሩን በሆዷ ይዛ ገባች። እንቅልፍ በዓይኗ ሳይዞር ነጋ።

አሁን በምድር ቤቱ የዕቃ ክፍል፣ ሠራተኛው ሳይሰበሰብ፣ የነገሩን ሥር ልታገኝ ፈለገች። የወንድሟን ቀበቶ ታጠቀች። ቀለበቱን በቀኝ እጇ ስታስገባ፣ ዳዶው የሚጠብቀው ወደ ታች ሲወርድ ሆነ። በግራ እጇ ስታስገባው ተገለበጠ፤ የሚጠብቀው ወደ ላይ ሲወጣ ነው። ግድግዳ የሚሰረስሩበትን ድሪል አስነስታ ጎኑን ቀለበቱ ላይ አሳረፈችው። ወደ ታች የተዘጋው ንቅንቅ አላለም። ወደ ላይ የተዘጋው ግን በንዝረቱ፣ እንደሚያንቀላፋ ሰው ራስ፣ ቀስ እያለ ቁልቁል ወረደ።

ወንድሟ የሚበላውም የሚጽፈውም በቀኙ ነው። ታዲያ ምን ሆኖ በግራው ይዘጋል?

«እታለም! ቀለበቶቼን እስካሁን እያጠብሽ ነው? ወደ ሥራ እኮ ነው የምሄደው፣ ሙሽራ አልሆንኩም።»

ወንድሟ በሩ ላይ ቆሟል። ባልደረቦቹ ጉጠት ይሉታል፤ አንዴ የያዘውን አይለቅምና። እሷን ገመድ ላይ መውጣትን ያስተማራት እሱ ነው። የመጀመሪያ ቀን ጠርዙን ለመሻገር ስትፈራ ቀበቶዋን ከኋላ በአንድ እጁ ይዞ፣ በሌላው ዳቦ እየበላ ነበር የቆመው።

ድሪሉን አጠፋችና ከመደርደሪያው ሌላ ዓይነት ቀለበት አንስታ ዘረጋችለት። ራሱን የሚቆልፍ ነው፤ ለመክፈት ግን መቆለፊያውን ወደ ላይ መግፋት፣ ማዞር፣ ከዚያ በሩን መጫን ይጠይቃል።

«ዛሬ በዚህ ውረድ፣ ወንድም ጋሼ።»

«በዚህ የሰነፍ ቁልፍ? እኔ እጅ እያለኝ ስፕሪንግ ይዝጋልኝ?»

«ድሪሉ ዳዶ ያላላል።»

«የማንን ዳዶ?»

«ያንተን። ትናንት ተከፍቶ ነው የወረድከው።»

ፈገግታው ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየና ሄደ። «ስትቀበዪኝ ነክተሽው ይሆናል።»

«አልነካሁትም።»

«ቢሆንስ? መጠባበቂያ ገመድ አለኝ። ሁለት የሚደረገው ለዚህ አይደል?»

«ሁለቱንም የሚዘጋው ያው አንድ እጅ ነው።»

ፎርማኑ አንገቱን በበሩ አስገባ። ወፍራም፣ ጨዋታ የሚወድ፣ ጠዋት ጠዋት ግን ደሙ የሚፈላ ሰው ነው። «ምንድን ነው እናንተ፣ ውርስ እየተካፈላችሁ ነው? መንገዱን እስከ ምሳ ሰዓት ብቻ ነው የዘጉልን!»

«የምይዘውን ቀለበት እየመረጠችልኝ ነው» አለ ወንድሟ።

«ሚስትም የመረጠችልህ እሷ ናት መሰለኝ። ያቺን ቀላሏን ስጪውና ይውጣ!» ፎርማኑ በጣቱ ወደ መደርደሪያው ጠቆመ፤ በማዞር ብቻ የምትከፈት፣ ራሷን የምትቆልፍ ሦስተኛ ዓይነት አለች።

«እሷን ገመዱ እየታከከ ሲያልፍ ያዞራታል» አለች። «ዞረች ማለት ተከፈተች ማለት ነው። ለዚህ ግድግዳ አትሆንም።»

«እንግዲህ አንቺ ታውቂያለሽ። ብቻ ፍጠኑ!» ኮቴው ደረጃው ላይ እየራቀ ሄደ።

ራሱን የሚቆልፈውን ቀለበት ወንድሟ መዳፍ ላይ አኖረችው። «ክፈተው።»

በግራው ሊጀምር ሲል፣ «በቀኝህ» አለችው።

አየት አደረጋት። ከዚያ ቀኝ እጁን አመጣ። አውራ ጣቱ መቆለፊያው ላይ ተቀመጠ፣ ገፋ፣ ተንሸራተተ። እንደገና። ብረቱ ከቦታው አልተነሳም። የጣቶቹ ጫፎች ነጭ ሆነው፣ የሌላ ሰው ጣቶች ይመስሉ ነበር።

«ጠዋት ስለሚበርድ ነው» አለ።

ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

«በመርፌ ብትወጊኝ አላውቅም» አለ በመጨረሻ፣ እጁን እየተመለከተ። «ድሪሉን ባጠፋውም ንዝረቱ እጄ ውስጥ ቀርቷል። መጀመሪያ ትንሿ ጣቴ ነበረች። ይለቀኛል እያልኩ…»

«ሚስትህ ታውቃለች?»

«የሸሚዜን ቁልፍ እሷ ናት የምትቆልፍልኝ። ፍቅር የጠናብኝ መስሏታል።»

ሊስቅ ሞከረ። እሷም ልትስቅ ፈልጋ ከንፈሯን ነከሰች።

«ስሚኝማ፣ እታለም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ባለ ዳዶውን አንቺ ራስሽ ጣሪያው ላይ ዝጊልኝ፤ በደንቡ፣ ወደ ታች። በፕላስተርም ጠቅልይው። ማን ያውቃል? ሥራዬን አጥቼ ሦስቱን ልጆቼን ገደል ልክተታቸው?»

ልቧ ለሁለት ተከፈለ። ይሆናል ብላም አሰበች፤ በእጇ ዘግታለት፣ ጠቅልላለት፣ ከላይ ሆና ስታየው ትውላለች። ከዚያ ከግድግዳው መሃል የወጣው በረንዳ ትዝ አላት። እዚያ ሲደርስ ገመድ መቀየር አለበት።

«በረንዳው ጋ ማን ይከፍትልሃል? ማንስ ይዘጋልሃል?»

«ቀስ ብዬ…»

«አይሆንም፣ ወንድም ጋሼ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው። እኔ እወርዳለሁ።»

ጣሪያው ላይ ፎርማኑ እሷን ታጥቃ ሲያያት ቅንድቡን ሰቀለ። «ጉጠትስ?»

ወንድሟ ከእሷ ቀድሞ መለሰ። «ወገቤን ይዞኛል።»

«እርጅና ነው እንግዲህ! ገመድ ጠብቅ ታዲያ፣ ሽማግሌው።»

ውሸቱ እንደ እሬት መረራት፤ ግን አላፈረሰችውም። ቀለበቶቹን አስገባች። መቆለፊያቸው ቀጭ እያለ ዞረ። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ በዓይኑ መረመራቸው፤ እንደ ልማዱ በጣቱ ሊነካቸው እጁን ላከና መልሶ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ጠርዙን ስትሻገር ከላይ የቀረው ፊቱ ብቻ ነበር፣ ዓይኑን ሳይነቅል።

ግድግዳው ላይ የላሉትን ንጣፍ ድንጋዮች እየሰረሰረች በብሎን አሰረች። ድሪሉ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ነዘራት። በረንዳው ጋ ስትደርስ፣ ገመድ ልትቀይር መቆለፊያውን ወደ ላይ ገፋችው፤ የእሷም ጣት በላብ አንዴ ተንሸራተተ። እሱ ስንት ጊዜ እዚህ ቦታ ላይ፣ የማይሰማውን ብረት በግምት እየዘጋ፣ ወደ ላይ እጁን አውለብልቦላት ይሆን? ግንባሯን ቀዝቃዛው ድንጋይ ላይ አሳርፋ ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች። ከዚያ ከፈተች፣ ቀየረች፣ ሲቆለፍ ሰማች፣ በሩን ገፍታ አረጋገጠች።

ሥራው ሲያልቅ መሬት ደርሳ፣ በደረጃ ተመልሳ ጣሪያ ወጣች። ወንድሟ ከገመዱ አጠገብ እንዳለ ነው።

«ደህና ገባሽ» አለ።

«ደህና። ነገስ ምንህን ይይዝሃል? ጥርስህን?»

ፎርማኑ ላቡን እየጠረገ መጣ፤ መንገዱ በጊዜው ስለተከፈተ ፊቱ በርቷል። «ጉጠት፣ ወገብህ እንዴት ዋለ? ነገ የጀርባውን ግድግዳ አንተ ነህ የምትወርደው፤ ከአንተ ሌላ የሚችለው የለም።»

እሷ አፏ ድረስ የመጣውን ቃል ያዘችው። ነጋ ጠባ ልትጠብቀው አትችልም፤ እሱ ካልተናገረ አሁን፣ እዚሁ፣ እሷ ትናገራለች። ዓይኗን ወንድሟ ላይ ተከለች። እሱ ወደ ጠርዙ፣ ከዚያ ወደ እሷ አየ።

«ወገቤ ደህና ነው» አለ። «እጄ ነው። ቀኝ እጄ አይሰማኝም። ቆይቷል።»

ፎርማኑ ሊስቅ አፉን ከፈተ፤ ሁለቱንም አይቶ ዘጋው። «ቆይቷል ስትል?»

«ብዙ ቆይቷል።»

«እንደዚያ ሆነህ ነው ስትወርድ የነበረው? በእኔ ገመድ?» ፎርማኑ ኮፍያውን አውልቆ መልሶ አጠለቀው። መቆጣት ወይም ማዘን፣ የቱን እንደሚያስቀድም የጠፋው ይመስል ነበር። «መጀመሪያ ሐኪም ይይህ። ሌላውን… ሌላውን እንነጋገራለን።» ለእሷ አንዲት ቃል ሳይናገር ወደ ደረጃው ሄደ።

«እንነጋገራለን አለ» አለ ወንድሟ። «ሰው ሲያባርር እንደዚህ ነው የሚለው።»

«ላይሆን ይችላል።»

«ላይሆን ይችላል።»

ያስቀየመችው ይሁን ያሳረፈችው ከፊቱ ማንበብ አልቻለችም። እሱ ጎንበስ ብሎ፣ ገመዱ የግንቡን ጠርዝ እንዳይነካ የተነጠፈውን ሸራ ማንሳት ጀመረ። በግራው ይዞ፣ በቀኝ ክንዱ እየተጫነ አጠፈው። የሸራው ማሰሪያ ከጣቶቹ ሁለት ሦስቴ አመለጠ። እጇን ልትዘረጋ ብላ ተወችው። ማሰሪያውን አንዱን ጫፍ በጥርሱ ይዞ አዞረ፣ ሳበ፣ ቋጠረ። ቋጠሮውን በዓይኑ አየው፤ ከዚያ ሸራውን ከግንቡ ሥር አስደግፎ አስቀመጠው።