ሩቅ የሚያይ ሌንስ

እኔ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሌንስ ስስል ስለኖርኩ፣ ካሜራ የሚመርጥ ሰው ሲፈለግ አምስቱም እህት ወንድሞቼ ጣታቸውን ወደ እኔ ቀሰሩ። እናታችን ልብስ እየሰፋች ስድስታችንን ያሳደገችበት ባለ አንድ ክፍል ቤት ለመንገድ ሥራ ሊፈርስ ነበር። እሷ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከመፍረሱ በፊት እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከነስፌት መኪናዋ፣ ሁላችንም አንድ ላይ ፎቶ እንድንነሳ።

የካሜራ ሱቋ ሻጭ ልጅ እግር ናት። "ምን ሊያነሱበት ነው?" አለችኝ።

"ሁሉንም።"

"እንግዲያው ይሄ ሁለገብ ሌንስ ይሻልዎታል። ጠባብ ክፍል ውስጥም ሰው ሁሉ ይገባልዎታል፣ ራቅ ያለውንም በመጠኑ ያቀርባል። ፍላሽና ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ቢጨምሩ ደግሞ እርስዎም አብረው ይነሳሉ።"

እውነቱን ልናገር። የመስታወት ሣጥኑ ውስጥ ክንድ የሚያህል ሌንስ ተጋድሞ ነበር፤ ዐይኔ ከሱ አልነቀል አለ። ከትምህርት ቤታችን ጀርባ ዛፍ ላይ ጭልፊት ጎጆ ሠርቷል። ጫጩቶቹን በቅርብ ለማየት ሁለት ዓመት ስቋምጥ ኖሬያለሁ። ሌንሱን አስወጥቼ በመስኮት አየሁበት፤ ማዶ ፎቅ ላይ የተሰጣ ካልሲ ቀዳዳው ሳይቀር ታየኝ።

"እሱ እንኳን ለቤት ውስጥ አይሆንም። ክፍሉ ስንት በስንት ነው?" አለች።

"እህቴ፣ እኔ ስለ ብርሃን ነው የማስተምረው!" አልኳት። ማቆሚያውንም ፍላሹንም ትቼ ረጅሙን ሌንስ ይዤ ወጣሁ።

እሑድ ሁሉም መጡ። እናቴ መኪናዋ ፊት ተቀመጠች፣ አምስቱ ከበቧት። ካሜራውን ባነሳ የታየኝ የእናቴ አፍንጫና የታላቅ እህቴ የእትዬ ጆሮ ነው። ወደ ኋላ ሸሸሁ፤ ጀርባዬ ግድግዳ ነካ። አሁንም አፍንጫና ጆሮ። ወጥቼ ከደጅ ሞከርኩ፤ የበሩ መቃን ግራ ቀኙን ቆረጠው። ላብ አጠመቀኝ።

"ጋሼ፣ በስልኬ ላንሳቸው?" አለች የእትዬ ልጅ።

"ስልክሽን አስቀምጪ! ሁላችሁም አስቀምጡ!" ብዬ ጮህኩ። ከዚያ ዐይኔን በጨው አጥቤ፣ "አንድ በአንድ ነው የማነሳችሁ፤ በኋላ በኮምፒውተር ይገጣጠማል" አልኩ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። እኔን ግን ሁለቱም በደንብ ታውቀውኛል።

አመኑኝ። ተራ በተራ እየመጡ ተቀመጡልኝ። ሐሙስ ቤቱ ፈረሰ።

ፎቶዎቹ ሲታተሙ ፊቶቹ ጥርት ብለዋል። ከኋላ ያለው ግን ግድግዳው፣ መደርደሪያው፣ መኪናው ሁሉ ተቀላቅሎ ጉም ሆኗል። እንዲህ ያለ ሌንስ ቅርብ ያለ ፊት ላይ ሲያነጣጥር የኋላውን እንደሚያደበዝዝ ለተማሪዎቼ በየዓመቱ አስተምራለሁ። የሚገጣጠም ክፍል አልነበረም። እናቴ ግን ስድስቱንም ፎቶ አዲሱ ቤቷ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሰቀለቻቸው። የኔ የለበትም።

ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ስሄድ ጎረቤቷን እያስጎበኘች አገኘኋት። ጣቷን ጉሙ ላይ እያሳረፈች፣ "ይኸውልሽ በሩ፣ ይቺ መኪናዬ፣ እዚህ ጋ መደርደሪያው" ትላለች። ሴትየዋ በትሕትና አንገቷን ትነቀንቃለች።

እንግዳዋ ስትወጣ እናቴ እጄን ይዛ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ሰው ፊት አፍሬ ነው እንጂ፣ ክፍሉ አይታየኝም ልጄ። አንተ እንደዚያ ተጨንቀህ ያነሳኸው! ዐይኔ ሳይደክም አልቀረም። ለእህት ወንድሞችህ እንዳትነግርብኝ፣ ይደነግጣሉ።"

አፌን ከፈትኩ። "ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ" የሚል ወጣ።

መረቀችኝ። ማክሰኞ ጠዋት የዐይን ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ አለን።