የፌቨን ለቅሶ

ታቢታን ሃያ ሦስት ሰው «አይዞሽ፣ ትወልጃለሽ» ብሏታል። ቆጥራቸዋለች። ሆዷ በኦፕራሲዮን ተሰፍቶ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ስትተኛ ሌላ ምን ሥራ ነበራት? የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሦስት ሆነው መጥተው ጸለዩላትና ሲወጡ በየተራ አሏት። ጎረቤቱ አላት። እናቷ ከሶዶ በስልክ አለቻት። የምትሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ባለቤት፣ ያ ሰላምታ ከአፉ በመከራ የሚወጣው ሰውዬ እንኳን፣ በር ላይ ቆሞ «ትወልጃለሽ» ብሏት ሄደ። ወልዳ የለም እንዴ? ዘጠኝ ወር ሙሉ የተሸከመቻት፣ ሆዷን ቀደው ያወጧት ልጅ ታዲያ ምን ልትባል ነው?

ልጅቷ አላለቀሰችም። ታቢታ ይህን የሰማችው ማደንዘዣው ሲለቃት፣ ከባሏ ከማርቆስ አፍ ነው። አላየቻትም፣ አልታቀፈቻትም። ማርቆስ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር የእንጨት ሥራ ቤት አለው፤ አልጋና በር ይሠራል፣ ሰው ሲሞት ደግሞ የሬሳ ሣጥን። «በገዛ እጄ ትንሽ ሣጥን ሠርቼ ቀብሬያታለሁ፤ አንቺ አታስቢ» አላት። የት? እሱን አይናገርም። «ይቅርብሽ» ብሎ ዘወር ይላል።

እናቱ እማማ ሙሉዬ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት፤ እሳቸውም ከልጃቸው ጎን ቆመው ይጨምራሉ። «የልጇን መቃብር ያየች እናት ማሕፀኗ ይዘጋል። ዝም በይ ልጄ፣ ዝም አይነቅዝም።» በሦስተኛው ቀን ወተቷ ግጥም ብሎ ሲመጣ «በሻሽ እሰሪው» አሏት። አሰረችው። ወተትስ እሺ፣ በሻሽ ታሰረ። ቀሪው በምን ሊታሰር ነው?

ሥራ በገባች በሳምንቷ አንድ ጎረምሳ አባት እየፈገገ የልጁን የልደት ካርድ ላሚኔት ሊያስደርግ መጣ። ታቢታ ካርዱን ተቀብላ አየችው፤ የልጅቷ ልደት ከእሷ ልጅ በሁለት ቀን ይቀድማል። ወረቀቱን ባንኮኒው ላይ ወርውራለት ወጣች። ሰውዬው ምን በደለ? ምንም። ንዴት ግን በደለኛ መርጦ አይወጣም፤ ያገኘው ላይ ነው። ወደ አንዲት ክሊኒክ የላካት ያን ቀን የደነገጠው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት ነው፤ ለዚህ እንኳን ይመስገን።

ክሊኒኳ ታቦር ተራራ፣ ዳገቱ ሥር ናት። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት የክትባት ክፍሉ ሲዘጋ፣ ሲስተር ኢየሩስ የምትባል ወጣት ነርስ ልጅ የሞተባቸውን እናቶች ሰብስባ ታወያያለች። ግድግዳው ላይ የወፋፍራም ሕፃናት ፖስተር ዙሪያውን ተለጥፏል። እነዚህን ሴቶች አምጥቶ እነዚያ ሕፃናት ሥር ማስቀመጥ የማን ብልሃት እንደሆነ እንጃ። ሴቶቹ ሰባት ናቸው። ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጠው የስልጤዋ ዘይነብ አለች። የጡረተኛ ወታደር ሚስት የሆኑት ጎንደሬዋ እትዬ አለምነሽ አሉ፤ የእሳቸውን ልጅ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ የከተማው ሐይቅ ነው የበላው። አማርኛ ብዙም የማትችል አንዲት የሲዳማ ልጅም ትመጣለች፤ ጥግ ይዛ ትቀመጥና ሰው ሲያለቅስ አብራ ታለቅሳለች።

«ዛሬ ስሜታችሁን ከአንድ እስከ አሥር ቁጥር ስጡት» አለች ሲስተር ኢየሩስ፣ ከሥልጠና ያመጣችውን ወረቀት እያየች።

ሌሎቹ አራትም ስድስትም አሉ። ታቢታ «አሥራ አምስት» አለች።

«እስከ አሥር ነው፣ ታቢታ።»

«እኔ አሥራ አምስት ነኝ።»

ዘይነብ ወደ እሷ ዞረችና «ስሟ ማን ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

ታቢታን ከሃያ ሦስቱ አንዱ እንኳን ይህን አልጠየቃትም። ስም ነበራት። በአምስተኛ ወሯ ነው ያወጣችላት፤ ስትወለድ ልትናገር ለማርቆስም ደብቃው ነበር። «ፌቨን» አለች በመጨረሻ። ድምፅ ሆኖ ከአፏ ሲወጣ ያን ቀን የመጀመሪያው ነው።

«የእኔም አንዱ ትንፋሽ ሳይስብ ነው የሞተው» አለች ዘይነብ። «አብዱልፈታህ ይባላል። ስም አውጥተን፣ አጥበን፣ ከፍነን ቀበርነው። አባቱ ዓርብ ዓርብ ይሄዳል። እኔም የቱ ጋ እንደተኛ አውቃለሁ፤ ግራር አለች፣ እሷ ሥር ነው። ያንቺዋ የት ናት?»

«አላውቅም።»

«እንዴት አታውቂም?»

ዘይነብ ክፉ አስባ አልነበረም። ታቢታ ግን ከታቦር እስከ ቤቷ ባጃጅም ሳትይዝ በእግሯ ስትሄድ፣ ያቺ «እንዴት አታውቂም» ከጎኗ አልተለየችም። እንዴት አላውቅም? እውነትም፣ እንዴት?

ቤት ስትደርስ ማርቆስ እጁን እየታጠበ ነበር። «ልጄን የት ነው የቀበርካት?» አለችው፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«ጀመረሽ ደግሞ።»

«ቦታውን ብቻ ንገረኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅህም።»

«እዚያ የሚያቀጣጥሉሽ ሴቶች ናቸው ይህን የሚያስወሩሽ። ሁለተኛ ክሊኒክ እንዳትሄጂ» አለና ፎጣውን አልጋው ላይ ጥሎ ወጣ።

እማማ ሙሉዬ ከጓዳ ብቅ ብለው «ወንድን እንዲህ አያስመርሩትም፣ ልጄ» አሏት። «የሞተ ተጎዳ።» ታቢታ አማቷን ክፉ ተናግራ አታውቅም፤ ያን ቀንም አልተናገረችም። ከንፈሯን ነክሳ ስትውጠው ግን የዋጠችው ፍም ነበር። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ማን ነው ያለው? የእሷ ዝምታ ይኸው በሁለት ወሩ ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

በሚቀጥለው ረቡዕ እሳት ጎርሳ እሳት ለብሳ ክሊኒክ ገባች። ሲስተር ኢየሩስ ፊቷን አይታ «እስቲ መጀመሪያ በአፍንጫችን አየር እንሳብ» አለች።

«ሲስተር፣ እኔ አየር አላጣሁም። ልጅ ነው ያጣሁት» አለቻት ታቢታ። ከዚያ የሆነውን ሁሉ ዘረገፈችው፤ ፎጣውን፣ «ይቅርብሽ»ን፣ የአማቷን «የሞተ ተጎዳ»።

እትዬ አለምነሽ እስኪያልቅ ሰሙና «ለመሆኑ ለቅሶ ተቀምጠሻል?» አሏት።

«ማን ያስቀምጠኛል፣ እትዬ? ሰው ሁሉ አይዞሽ ብሎኝ ሄደ።»

«የእኔ ልጅ ሲሞት ሰፈሩ በሙሉ መሬት ላይ ተቀምጦልኛል። ባይቀመጥልኝ አብጄ ነበር። እንግዲህ ቅዳሜ እንመጣለን። ነጠላችንን አዘቅዝቀን፣ ንፍሮ ይዘን፣ እቤትሽ እንቀመጣለን። ለቅሶ ቤት መሀል ቆሞ ሬሳው የት ነው ሲባል ዝም የሚል ወንድ ካለ እስቲ እኔም ልየው።»

ሲስተር ኢየሩስ ወረቀቷን ገለበጠች። «ይሄ እኮ ሥልጠናው ላይ የለም» አለች። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብላ ጠየቀች።

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሁለት ባጃጅ ታቢታ ሰፈር መግቢያ ላይ ቆመ። ሴቶቹ ወረዱ። እትዬ አለምነሽ ንፍሮውን በባልዲ ይዘዋል፣ ዘይነብ ጥቁር ሻርፕ ተከናንባ ከሱቋ ያመጣቻቸውን የፕላስቲክ መቀመጫዎች ደርድራ ታቅፋለች፣ ሲስተር ኢየሩስ ጋውኗን አውልቃ ነጠላ ለብሳለች። በዚህ ከተማ የተዘቀዘቀ ነጠላ ያየ ሰው ምንድን ነው ብሎ አይጠይቅም። እቤቱ ገብቶ የራሱን ነጠላ ያመጣል። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ግቢው በጎረቤት ተጨናነቀ።

አንዷ ጎረቤት «ወይኔ እማማ ሙሉዬ» እያለች ደረቷን ልትመታ እጇን ስታነሳ፣ እማማ ሙሉዬ ራሳቸው ሽንኩርት የያዘ ቢላ ጨብጠው ከጓዳ ወጡ። «እኔማ አለሁ» አሉ፤ «ማን ነው የሞተው?» ሴትዮዋ እጇ አየር ላይ ቀረ።

ታቢታ መሬት ላይ በተነጠፈው ፍራሽ ተቀምጣለች። «ልጄ ናት» አለች። «ፌቨን ማርቆስ ትባላለች። ከሞተች ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀኗ ነው። እናንተ ለቅሶ አልደረሳችሁኝምና ዛሬ ልትደርሱ ነው።»

አንዳንዱ መሬት መሬት አየ፤ ከሃያ ሦስቱ ብዙዎቹ እዚያው ነበሩ። መጀመሪያ ያለቀሰችው የሲዳማዋ ልጅ ናት። በራሷ ቋንቋ፣ ረጅም አድርጋ፣ ማንንም ሳታይ አለቀሰች። ቃሉን ያልሰማውም ገባው። ከዚያ ከጎረቤት አንዲት ጸጉራቸው የሸበተ ሴት «እኔስ ለሞተብኝ ልጅ ስም እንኳን አላወጣሁለትም» ብለው ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። «ጌታ ያጽናናሽ» የሚለው መጣ፣ «እግዜር ያጥናሽ» የሚለው መጣ፣ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» የሚለው መጣ። ትወልጃለሽ ያለ አልነበረም።

የእድሩ ዳኛ አቶ ገብረየስ መዝገባቸውን በብብታቸው ይዘው ደረሱ። ነገሩ ሲነገራቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «በደንባችን መሠረት አርባ ቀን ላልሞላው ሕፃን ድንኳን...» ብለው ጀመሩ።

«ድንኳን የጠየቀ የለም» አሏቸው እትዬ አለምነሽ። «ለቅሶ ሊደርሱ መጥተው ከሆነ ይቀመጡ። ደንብ ሊያነቡ ከሆነ በሩ ያ ነው።»

አቶ ገብረየስ ባርኔጣቸውን አውልቀው ተቀመጡ።

ለማርቆስ አንድ ሰው ደውሎ «እቤትህ ለቅሶ ነው» ብሎታል። ጸጉሩ ላይ ሰጋቱራ እንደያዘ እየሮጠ ገባ። መጀመሪያ እናቱን ፈለገ፤ አሉ። ከዚያ ሚስቱን ፈለገ፤ እሷም አለች። «ማን ነው የሞተው?» አለ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

«ልጅህ» አለችው ታቢታ። «ይኸው ሰው ሁሉ ለቅሶ ሊደርስ መጥቷል። የት ነው የቀበርካት?»

«ታቢታ፣ ተነሺ፣ ውስጥ ገብተን እናውራ።»

«እዚሁ።»

«ሰው ፊት...»

«ሰው ፊት። የት ነው?»

አቶ ገብረየስም ቀና አሉ። «እኔስ ያልገባኝ እሱ ነው» አሉ። «አሥራ ሁለት ዓመት እድር ስመራ ከዚህ ሰፈር ሳላውቀው የወጣ ቀብር የለም። የት ወስደህ ነው የቀበርካት፣ አንተ ልጅ?»

ማርቆስ ዙሪያውን አየ። የሚሸሽበት ቀዳዳ አልነበረም፤ ከኋላው በሩ ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጧል። «አልቀበርኳትም» አለ።

የሚያለቅሱት ሁሉ ወደ እሱ ዞሩ።

«ሆስፒታል ወረቀት ሰጡኝ። ወስደህ ትቀብራለህ ወይስ እዚሁ እንጨርሰው አሉኝ። ያኔ አንቺ አልነቃሽም፤ ደምሽ አልቆም ብሎ ነበር፤ አንቺም የምትሞቺ መስሎኝ... እናንተው ጨርሱት ብዬ ፈረምኩ። በነጋታው እንጨት ቆርጬ ተመልሼ ሄድኩ። የለችም። የት እንዳደረሷት የሚያውቅ ሰው አጣሁ። ሣንቃው አሁንም ሱቄ ውስጥ ተቀምጧል።»

ታቢታ ከፍራሹ ተነሳች። ሴቶቹ የምትመታው መስሏቸው አብረው ተነሱ፤ ዘይነብ ክንዷን ያዘቻት። ሁለት ወር ከአሥራ አንድ ቀን ሙሉ እንቅልፍ የወሰዳት ያቺን ሣጥን እያሰበች ነበር። ዋንዛ ትሆን ጽድ፣ ሚስማሯ ስንት ትሆን፣ ውስጧን ጨርቅ አልብሷት ይሆን? እንጨት ቤት እየሄደች ሠራተኞቹን ሳታስነቃ ስብርባሪውን ሁሉ ስታይ ከርማለች። ቢያንስ አባቷ በሠራው ቤት ተኝታለች ብላ ነበር። ይህ ሰው ደግሞ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ማታ ማታ ከጎኗ እየተኛ፣ የሌለ ሣጥን ሲያስታቅፋት ኖሯል።

«አለመቅበርህን ይቅር ልልህ እችል ይሆናል፣ አላውቅም» አለችው። «ፈርተህ ነው። ግን የሌለ ሣጥን ለምን ሰጠኸኝ? እኔ እኮ ሣጥኗን ነበር ማታ ማታ የምታቀፈው።» ድምፅዋ ግቢውን አልፎ መንገድ ላይ ይሰማ ነበር። «እኔን ዝም በይ፣ አትጠይቂ፣ ማሕፀንሽ ይዘጋል ስትሉኝ፣ የምትጠብቁት እኔን አልነበረም። የአንተን ፊርማ ነው።»

እማማ ሙሉዬ ልጃቸውን አዩት። እሳቸውም አያውቁም ነበር፤ ፊታቸው ተናገረ።

ማርቆስ ሰው መሀል፣ ሰጋቱራ በለበሰ እጁ ፊቱን ይዞ ቁጢጥ አለ፤ ይንሰቀሰቅ ጀመር። አንድ ጎረቤት ሊያነሳው ጎንበስ አለ። እማማ ሙሉዬም ቢላዋቸውን ጥለው ወደ እሱ እየሄዱ «አይዞህ የኔ ልጅ፣ ትወልዳ...» አሉ።

«ማንም አይዞህ እንዳይለው» አለች ታቢታ። «እማማ፣ እርስዎም። ልጁ ሞታበታለች። ያልቅስ።»

ጎንበስ ያለው ጎረቤት ቀና ብሎ ወደ ኋላው ተመለሰ። እማማ ሙሉዬ ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉትን ነጠላ አወረዱ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አድርገው አዘቀዘቁት፣ ከልጃቸው ጎን መሬት ላይ ተቀመጡና እንደ ለቀስተኛ ጮኸው አለቀሱ።

ታቢታ ተመልሳ ፍራሿ ላይ ተቀመጠች። ንዴቷ አልበረደላትም፤ ቶሎ እንዲበርድላትም አልፈለገችም። ዘይነብ ከግራዋ፣ እትዬ አለምነሽ ከቀኟ ተጠጉ። ታቢታ ግን ያን ቀን አላለቀሰችም። የእሷን ድርሻ ለሁለት ወር ብቻዋን አልቅሳዋለች፤ ዛሬ ተራው የእነሱ ነበር።