ሰባት አባት ይዛችሁ ኑ

አምበር ካለው የጣልያን ምሽግ የመጣውን ወረቀት የኔታ አካለ ወልድ ለተማሪዎቻቸው አንድ ጊዜ ብቻ አነበቡት። ከእንግዲህ ለልጆች የሚነገር ታሪክ ይኸው ወረቀት ነው ይላል፤ ጣልያን ሳይመጣ በዚህ አገር የሚቆጠር ነገር አልነበረም ይላል። አንብበው አጠፉና ጉያቸው ከተቱት። ከዚያ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር አጠገብ ወይራው ሥር የተቀመጡትን አርባ ሕፃናት ቃኘት አደረጉ።

«ከመካከላችሁ ከምንም የተወለደ አለ? ካለ እጁን ያውጣ።»

ማንም አላወጣ።

«እንግዲያው ለዓርብ ሰባት ሰባት አባት ይዛችሁ ኑ። ስሙን፣ የሠራውን፣ አሟሟቱን። ከላይኛው ጀምራችሁ ወደ ራሳችሁ ትወርዳላችሁ።»

ወለላ ይህን ይዛ እየሮጠች ቤት ስትደርስ አያቷ እመት ሥራነሽ ባቄላ ይለቅሙ ነበር። ሲሰሙ እጃቸው ቀጥ አለ። ድሮውንም ሥጋት የማይለያቸው ሴት ናቸው፤ ዶሮ ከጮኸ ጭልፊት መጣ፣ ውሻ ከጮኸ ባንዳ መጣ ባይ።

«የኔታ ምን ነካቸው? አባት መቁጠር ለርስት ሙግት ነው፣ ለጋብቻ ነው። ለተማሪ ቤት ምን ይሆናል?»

«እኔ እንጃ፣ እምዬ። ብቻ ይንገሩኝ።»

ስድስቱ አላስቸገሩም። ጫካውን መንጥሮ መንደሩን ያቀናው ቢምረው አለ፤ በክፉ ቀን የዘር እህሉን ለጎረቤት ያካፈለው አወቀ አለ። ጣት እያስያዙ አስጠኗት። ያስቸገረው ሰባተኛው ነው። ሰባተኛው ደምለው፣ የወለላ አባት፣ የእመት ሥራነሽ አንድ ልጅ ነው። ዱር ከገቡት አርበኞች ጋር ሆኖ ሲዋጋ ባለፈው ኅዳር ጨሞጋ ወንዝ ዳር ጣልያን ገድሎታል። ለመንደሩ የተነገረው ግን ቆላ ወርዶ ንዳድ ገደለው ተብሎ ነው፤ የአርበኛ ቤት ከታወቀ ይቃጠላላ።

«አባትሽ ላይ ስትደርሺ ንዳድ በይ።»

«አባት ሲቆጥር የዋሸ ዘሩ ይቆረጣል ብለውኝ አልነበር?»

«እሱ ለርስት ነው።»

«ይኼስ ለምንድን ነው?»

እመት ሥራነሽ ወደ ባቄላቸው ተመለሱ። «ንዳድ በይ አልኩሽ፣ በቃ። አንቺ ሰባት አባት አለሽ፤ እኔ ያለኝ አንድ አንቺ ነሽ።»

ዓርብ ዕለት ብቻዋን መላክ አላስቻላቸውም። ለየኔታ ቆሎ አድርሼ ልመለስ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና ተከተሏት፤ ግን ቆሎውንም ሳይሰጡ ከወይራው ግንድ ጥግ ኩርምት አሉ።

የየኔታ ልማድ እንዲህ ነው፦ አንዱ ልጅ የቆጠረውን ሌሎቹ በአንድ ድምፅ ይቀበሉታል፤ ከአንዱ ቢጠፋ ከሌላው እንዲገኝ። ሁለት ልጆች ቆጥረው ሦስተኛዋ ወለላ ስትነሣ፣ የምሽጉ ፈረንጅ ሹም በበቅሎ ከተፍ አለ። አስተርጓሚውና ሁለት ወታደሮች ተከትለውታል። ወረቀቱ መነበቡን ሊያይ ነው የመጣው።

«ምን እያስተማርክ ነው ይልሃል» አለ አስተርጓሚው። የኔታን አንተ ሲላቸው ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ።

«አባት እየቆጠርን ነው» አሉ የኔታ። «ርስት ያለሱ አይጸናም። እናንተም ስትዳኙ ይህንኑ አይደል የምትጠይቁት?»

ሹሙ ሲተረጎምለት በርጩማ ስቦ ተቀመጠ፤ ይቀጥሉ ብሎ እጁን አወዛወዘ።

«ቢምረው» አለች ወለላ። «ጫካ መነጠረ። በእርጅና ሞተ።» ልጆቹ ተቀበሉ። አንድ በአንድ ወረደች፣ አንድ በአንድ ተቀበሏት። ስድስተኛው አያቷ ኃይለ ሚካኤል ነው፤ እሱንም አለፈች።

«ደምለው» አለችና ቆመች።

እመት ሥራነሽ ከጥግ ሆነው በከንፈራቸው ብቻ ንዳድ፣ ንዳድ ይላሉ። ልጅቱ አየቻቸው። አየቻቸውና አንገቷን ደፋች።

አስተርጓሚው ፈገግ አለ። «ምነው ዝም አልሽ? አባትሽን እናትሽም አታውቀው ይሆን?» ወታደሮቹ ሳቁ።

እመት ሥራነሽ መቼ እንደ ተነሡ ራሳቸውም አላወቁት። ቆሎው ተበተነ። ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩት።

«ደምለው ኃይለ ሚካኤል» አሉ። «አገሬን አልሰጥም አለ። ጨሞጋ ዳር ጣልያን ገደለው።»

ወዲያው ቃሉን መልሰው ቢውጡት በወደዱ። ግን ልማድ ልማድ ነው። አርባ ሕፃናት በአንድ ድምፅ ተቀበሉት፤ ስሙን፣ የሠራውን፣ አሟሟቱን። ድምፁ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጋር ተላትሞ ተመለሰ።

ሹሙ ወደ አስተርጓሚው ዞረ። አስተርጓሚው ዞር ብሎ የበቅሎውን ልጓም ያስተካክል ጀመር።

«ተርጉምለት እንጂ፣ ልጄ» አሉ እመት ሥራነሽ። «ካመለጠህ ልጆቹ ይደግሙልሃል።»

ማንም ሳያዛቸው ደገሙት። በዚህ ጊዜ አስተርጓሚው ተረጎመ፤ ሹሙም የኔታን ያዙ አለ።

ወታደሮቹ የኔታን ጠፍንገው ሲያስሩ ልጆቹ እንደ ተነካ ንብ በየአቅጣጫው ተበተኑ። እመት ሥራነሽም ወለላን አንጠልጥለው በመካከላቸው ሾልከው የደብሩ ጫካ ገቡ። ማታውኑ ቤታቸው ተቃጠለ። የኔታ እስከ ፍልሰታ ምሽጉ ውስጥ ታስረው ከረሙ።

አያትና የልጅ ልጅ ደብረ ኤልያስ ዘመድ ቤት ተጠጉ። በሸሹ በሦስተኛው ሳምንት የሠፈሩን ልጆች ከጎተራው ጀርባ ሰብስበው የተቀመጡት እመት ሥራነሽ ናቸው።

«ለዓርብ ሰባት ሰባት አባት ይዛችሁ ትመጣላችሁ» አሏቸው። «ስሙን፣ የሠራውን፣ አሟሟቱን። እንዳለ ነው የምትቆጥሩት፤ ንዳድ ያልገደለውን ንዳድ ገደለው የሚል ልጅ እዚህ ቦታ የለውም።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ወለላ፣ እስቲ ብቅ ብለሽ መንገዱን እዪልኝ።»

«አሁን አየሁት እኮ፣ እምዬ።»

«ድገሚው።»