ዝም ያለ ይቀራል

"ጣትህ! ዋረን፣ ጣትህን!" ብላ ጮኸች ጆሊን፤ ግን ነገሩ አልፎ ነበር።

ከፊት ለፊት የመጣችው ነጭ ፒክአፕ አቧራዋን እየጎተተች አለፈቻቸው። መሪዋን የያዘችው ኦፓል ሩደር ነበረች። እንደ ወጉ አመልካች ጣቷን ከመሪው ላይ ቀና አድርጋ ሰላምታ ሰጥታለች። ዋረን ድራይሊንግ ግን ሁለት እጁን መሪው ላይ ጥዶ፣ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ፣ አገሩን እንደማያውቅ እንግዳ ጭልጥ ብሎ አለፋት።

"አይታኝ ይሆን?"

"አይታኝ ይሆን ይላል እንዴ! ፍሬን ይዛ በስፖኪዮ እያየችህ ነው።"

"ወይ ጣጣ!"

በካንሳሷ ኦስተርፌልድ መንገድ ላይ መኪና አይቶ ጣቱን የማያነሳ ሰው ወይ የታመመ ነው፣ ወይ የተጣላ፣ ወይ ልቡ የሸፈተ። ዋረን ደግሞ ዕድሜ ልኩን ለወዳጁም፣ ለጠላቱም፣ ለሬሳ መኪናም ጣቱን ሲያነሳ የኖረ ሰው ነው። ያበላሸው ኮሎራዶ ነው። ሰሞኑን ፓይን ሆሎው በምትባል የተራራ ከተማ ሲሽከረከር፣ ላገኘው መኪና ሁሉ ጣቱን ቢያነሳ ሰዉ "ይሄ ደግሞ ከየት ያውቀናል?" እያለ ዞሮ ያየው ጀመር። አንዱማ መኪናውን ዳር አስይዞ፣ "ጎማዬ ተነፈሰ እንዴ?" ብሎ ጠየቀው። ዋረን አፈረና እጁን ሰበሰበ። እንደሰበሰበ ነው ካንሳስ የገባው።

"ራሱን አሞት ነው ትል ይሆናል" አለ።

"ኦፓል? ኦፓል ሩደር ለሰው ደግ ስታስብ አይተህ ታውቃለህ? ምሳ ሳይቀርብ አገር ያወቀው፣ ፀሐይ የሞቀው ይሆናል።"

የአሥራ ሦስት ዓመቷ ቴሳ ከኋላ ወንበር ብቅ አለች። "ደግ አደረግህ አባዬ። እኔም መዋሸት ሰልችቶኛል።"

ውሸቱ የቴሳ ጥርስ ነበር። ጆሊን በኦስተርፌልድ ትምህርት ቤት ሳይንስ፣ ዋረን ሒሳብ ያስተምራሉ። ለአገሬው "የልጅቷን ጥርስ ለማሳየት ዴንቨር ደርሰን እንመጣለን" ብለው ወጡ እንጂ፣ የሄዱት ፓይን ሆሎው ለሥራ ሊፈተኑ ነው። የፓይን ሆሎው ትምህርት ቤት ሁለቱንም ወዷቸዋል። ጆሊንም ወዳዋለች፤ ኧረ ልቧን ሰርቋታል! ሰባተኛ ክፍሎች እስከ ጉልበታቸው ወንዝ ውስጥ ገብተው ድንጋይ እየገለበጡ ትል ሲቆጥሩ አየች። ዓርብ ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ራሱ የበረዶ መንሸራተቻውን ስኪ ልጆቹ እግር ላይ አስሮ ተራራ ላይ ይለቃቸዋል። ቴሳም ከእነሱ ጋር ወጥታ፣ ሃያ ጊዜ ወድቃ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ ስትመለስ ሳቋ ከሩቅ ይሰማ ነበር። ጆሊን የልጇን እንዲያ ያለ ሳቅ ከሰማች ቆይታለች።

እሑድ ስለነበር እቤታቸው እንኳ ሳይደርሱ በቀጥታ ወደ ዋረን እናት ቤት ሄዱ። ሪታ ድራይሊንግ ቺሊ የሚሉትን የሥጋና የባቄላ ወጥ አውጥተው፣ የቀረፋ ዳቦውን ከጎኑ ደርድረው ይጠብቁ ነበር። የዋረን ታላቅ ወንድም ዴሪልም ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጧል። ዴሪል የትምህርት ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነው፤ ወንድምም፣ አማችም፣ አለቃም። እንዲህ ያለው ዝምድና በትንሽ ከተማ ብርቅ አይደለም፤ ምሳ ላይ ሲሆን ግን ጉሮሮ ይይዛል።

"የቴሳ ጥርስ እንዴት ሆነ?" አለ ዴሪል፣ ከሳህኑ ቀና ሳይል።

ቴሳ ጥርሷን ገልጣ አሳየችው። "እዚሁ አለ።"

"በረዶ ላይ የሚንሸራተት ሐኪም ነው አሉ ያገኛችሁት።"

ዋረን ውኃ ትን አለው። ጆሊን ማንኪያዋን አስቀመጠች። ኦፓል ቀድማቸዋለች ማለት ነው፤ የቀረውን ደግሞ ቴሳ ካፖርት ዚፕ ላይ የተረሳው የተራራው ትኬት ነግሮታል፤ ታዲያ ከዚህ በኋላ ምን ይደበቃል?

"ሐኪም የለም" አለች። "ሥራ ልንፈተን ነው የሄድነው። ሁለታችንንም ወስደውናል።"

"ወስደውናል?" አሉ ሪታ፣ ዳቦውን እንደያዙ። "ምን ጎድሏችሁ ነው? ቤት አላችሁ፣ ዘመድ አላችሁ። ላም አለኝ በሰማይ! ተራራ ይበላል? አንገት የተፈጠረው ዞሮ ለማየት ነው ልጄ። የዋረን ቅድመ አያት ይህን መሬት ያቀናው የልጅ ልጆቹ በበረዶ ላይ ሊጫወቱ አይደለም።"

"አንገቴን አዙሬማ አይቻለሁ፣ እማማ። የሚታየኝ አጥር ነው።"

ሁሉም የትኛውን አጥር እንደምትል ያውቃሉ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጅረት አለች። ጆሊን ከተቀጠረች ጀምሮ ትምህርቷን የምታስተምረው እዚያ ነበር፤ እንቁራሪቱ፣ ዔሊው፣ የሸምበቆው ሥር፣ ሁሉም ደብተሯ ነው። ባለፈው መከር አንድ ልጅ አንገቱ ላይ መዥገር ይዞ ቤቱ ገባ። በቃ፣ ይህችው ናት! ዕድሜ ልኩን ላም እያረባ፣ መዥገር በእጁ እየለቀመ የኖረ ሕዝብ፣ አንበሳ የገባ ይመስል ስብሰባ ጠራ፣ ጅረቷን በአጥር አሳጠረ፣ በሩ ላይ ቁልፍ ሰቀለ። አሁን የኦስተርፌልድ ልጆች እንቁራሪት የሚያዩት በሥዕል ነው። ጆሊን ያን ቁልፍ ባየችው ቁጥር ደሟ ይፈላል።

ከምሳ በኋላ ዴሪል በረንዳ ላይ ለብቻዋ አገኛት። ድምፁን አለሰለሰ።

"ስሚ ጆሊን። የሚመጣው ዓመት ውል ቁርጡ ቀን ዓርብ ነው። ምንም መናገር፣ ምንም መጻፍ አይጠበቅባችሁም። ዝም ካላችሁ ውሉ በራሱ ይታደሳል። እኔም ነገሩን እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። መስከረም ላይ ደግሞ የጅረቷን በር ቁልፍ እኔው ራሴ በእጅሽ አስቀምጥልሻለሁ።"

እውነቱን ለመናገር ጆሊን ልቧ ወላወለ። ቁልፉን በእጇ እንደያዘችው ሁሉ ተሰማት። የዴሪል ክፋቱ ግን አንድ ነገር ካገኘ በልኩ ማቆም አለማወቁ ነው።

"በዚያ ላይ ሥራው ይቀልልሻል" አለ። "ነገ ማታ የትምህርት ቤቱ ቦርድ ያጸድቀዋል። ሳይንስ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮ በስክሪን ነው። አንቺ አንዲት ክፍል ቁጭ ብለሽ ሦስት ከተማ ታስተምሪያለሽ። የቤተ ሙከራው ክፍል ለትግል ቡድኑ ክብደት ማንሻ ይሆናል።"

"ታዲያ ቁልፉ ምን ያደርግልኛል? እንቁራሪቷን ይዤ ካሜራው ላይ ላስቀምጥልህ?"

"ቀልድሽን ተዪ።"

"ቀልዱንስ ያመጣኸው አንተ ነህ!" ብላው ጥላው ገባች።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። መምህር ያልሆነ ሰው ነው እንዲህ ያለው። በካንሳስ የመምህር ዝምታ ሲነቅዝ የሚታየው በቁርጡ ቀን ማግስት ነው፤ ያኔ ለአንድ ዓመት የፈረመልህ ዝም ያለው አፍህ መሆኑን ታውቃለህ።

ሰኞ ማታ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ መኪናውን ካቆሙ በኋላ ዋረን ሞተሩን አጠፋና አልወርድ አለ።

"አንድ ዓመት ብንቆይስ?" አለ። "እዚያም እኮ ገነት አይደለም። ያሳደረችን መምህርት ቅዳሜ ቅዳሜ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ አላየሽም? የሚሰጡን ቤት ሁለት ክፍል ነው።"

"አይቻለሁ። ዓይን አለኝ።"

"ዴሪል ወንድሜ ነው፣ ጆ። በአገር ሰው ፊት ቆሜ..."

"እኔም እንድትቆም አልለመንኩህም። ዝም ካልክ ትቀራለህ፤ ሕጉ እንደዚያ ነው። እኔና ቴሳ ግን እንሄዳለን።"

እንዲህ ብላው አታውቅም። ዋረን ዞሮ አያት፤ እሷም ዓይኗን አልሰበረችም። ባሏን ትወደዋለች፣ ጥላው መሄድ አትፈልግም። ቢሆንም ያለችውን አልመለሰችም። በሩን ከፍታ ወረደች።

የመመገቢያው አዳራሽ ሞልቷል። ዘወትር ቦርዱን የሚሰሙት የቦርዱ አባላት ሚስቶች ብቻ ናቸው፤ ዛሬ ግን ኦፓል ሩደር የምትሠራውን ሹራብ ይዛ ከፊት ተሰይማለች፣ ሪታም ከኋላ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሊቀመንበሩ ቨርነን ኩንትዝ የስንዴ ገበሬ ነው፤ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ስሟን ጠራና "ሦስት ደቂቃ አለሽ" አላት።

ጆሊን አንዲት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሁለት መስመር ናት፤ ከሥሯ ያለው ስምም የእሷ ብቻ ነው።

"ትምህርቱ ሲዘጋ እለቃለሁ" አለች። "በስልክ ልነግራችሁ እችል ነበር። ግን በየቡና ቤቱ 'ለስኪ ብለው ሄዱ' መባሉን ሰምቻለሁ፤ ስለዚህ ከራሴ አፍ ስሙት። አዎ፣ ለስኪም ነው! ምን ነውር አለው? ልጄ በሥራ ቀን በጠራራ ፀሐይ ውጪ ወጥታ ስትስቅ መስማት እፈልጋለሁ። እኔም እፈልጋለሁ፤ ቅዳሜ ተራራ ወጥቼ፣ ሰኞ ደስ ብሎኝ ማስተማር። መምህር ካልተንገበገበ አያስተምርም ያላችሁ ማነው? እንደ ሻማ ቀልጣችሁ አብሩልን ስትሉን ኖራችኋል። እኔ ሻማ አይደለሁም!"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሌላው ዝም አሰኘው።

"ተራራ ስለሌላችሁ አልቀየምኳችሁም" ብላ ቀጠለች። "ተራራ ማንም አይሠራም። ጅረት ግን ነበራችሁ። እሷን ነው የቆለፋችሁብኝ።"

ቨርነን ኩንትዝ ወረቀቷን ወደ ዴሪል ገፋ አደረገለት። ዴሪል አየት አደረጋትና ፈገግ አለ። ከንፈሩ ብቻ ነው የሳቀው።

"እዚህ ላይ ያለው ፊርማ አንድ ነው" አለ፣ ለአዳራሹ እንዲሰማ። "ወንድሜ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው። አይደለም ዋረን?"

ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። ዋረን ለካ ገብቶ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጆሊን ልትዞር ፈለገችና አልዞረችም። ጫማው ወለሉን እየረገጠ ሲመጣ ብቻ ሰማች፤ ቀስ ብሎ ነው የሚራመደው፣ ሁልጊዜም ቀስ ይላል። አጠገቧ ደረሰ፣ አለፋት፣ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለ።

"ዴሪል" አለ፣ "እስክሪብቶህን አውሰኝ።"

"ምን ልታደርግበት?"

"መንሸራተት ልማርበት! ምን ይደረግበታል? አምጣው።"

ዴሪል አልሰጠውም። ቨርነን ኩንትዝ ከደረት ኪሱ የራሱን አውጥቶ ሰጠው። ዋረን ከሚስቱ ስም ሥር ጻፈ፤ የሒሳብ አስተማሪ ጽሕፈት ናት፣ ጥርት ያለች። ኦፓል ሹራብ መሥራቷን ትታ አፏን ከፍታ ታያለች። ሪታ አንገታቸውን ደፍተው መሐረባቸውን ከቦርሳቸው ይፈልጋሉ። ጆሊን አየቻቸው፤ ቢሆንም ይቅርታ የምትልበት ነገር አላገኘችም።

"እንግዲህ ከሆነ መልካም" አለ ዴሪል፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ። "እግዚአብሔር ይከተላችሁ። በሩ ክፍት ነው። የሚቀጥለው አጀንዳ የሳይንስ ትምህርትን በስክሪን ማድረግና የቤተ ሙከራውን ክፍል ማስለቀቅ ነው።"

አዳራሹ ሁለቱ እስኪወጡ ጠበቀ። የሚለቅ ሰው ተናግሮ ይወጣል፤ ልማዱ ነው። ከዚያ በኋላ ቀሪው ለብቻው ይመክራል። ዋረንም ወደ በሩ አንድ እርምጃ ሄዶ ነበር።

ጆሊን ግን ከግድግዳው ሥር አንድ ታጣፊ ወንበር አነሳች፣ እየጎተተች አመጣችው፣ ከኦፓል ሩደርም ፊት አልፋ ከቦርዱ ጠረጴዛ ትይዩ ዘረጋችውና ተቀመጠች።

"ጆሊን" አለ ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ "ሂያጅ ነሽ እኮ። ከእንግዲህ ይህ ምን ያገባሻል?"

"ልጆቹ አልሄዱም" አለች። "እስከ ዓመቱ መጨረሻ መምህራቸው ነኝ። ቀጥሉ፤ ጥያቄ አለኝ።"

ዋረን ከመንገዱ ተመለሰና ሁለተኛ ወንበር ፍለጋ ሄደ።