የበርሊዬዋ ፍሬን

ያን ዓርብ ጠዋት መጀመሪያ የተመደብኩት ወደ ሊትልተን ነበር። አጭር መንገድ፣ ቀላል ጭነት። የትልቅ መኪና መንጃ ፈቃድ ካገኘሁ ያኔ ገና ስምንት ወሬ ነበር። ከዚያ በፊት ዳውንታውን ዴንቨር አንድ የፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ሰው ፓርክ ሲያደርግ ማየት ሰለቸኝና እስቲ ራሴ ልንዳ ብዬ ተነሣሁ። የቀጠረኝ ይመር ነው። ዴንቨር አጠገብ ባለችው ኦሮራ ውስጥ፣ ከፒዮሪያ ስትሪት ፈንጠር ብሎ ባለው ግቢው ስድስት የጭነት መኪኖች አሉት። ዴንቨር ካሉ መጋዘኖች አትክልትና ፍራፍሬ እየጫንን ለየከተማው እናደርስ ነበር።

ከሾፌሮቹ አንጋፋው ጋሼ ወልደሚካኤል ነበሩ። ስልሳ ስድስት ዓመታቸው ነው። ስለሚነዱት አዲስ መኪና ሲያወሩ ሰምቼ አላውቅም፤ ወሬያቸው ሁሉ ስለ በርሊዬ ነው። በርሊዬ ድሮ በጅቡቲ በኩል ድሬዳዋ ትገባ የነበረች የፈረንሳይ የጭነት መኪና ናት። አፍንጫዋ ረጅም፣ ግንባሯ ላይ የባቡር ምስል ያለባት፣ መሪዋን ለማዞር ከወንበር ብድግ የምታሰኝ። ከሐሮማያ ድንችና ጥቅል ጎመን፣ ካሮትና ሽንኩርት ይጭናሉ። የደንገጎን ቁልቁለት ወርደው ድሬዳዋ ይገባሉ፤ ከዚያ በደወሌ በኩል በረሃውን አቋርጠው ጅቡቲ። ማቀዝቀዣ የሚባል ነገር የለም። ጎመኑ እንዳይጠወልግ በየመንገዱ እየቆሙ ሸራው ላይ ውሃ ያርከፈክፋሉ።

"ጅቡቲ ስንደርስ ነጋዴዎቹ ሴቶች ካሮቷን ጆሯቸው አጠገብ ሰበር ያደርጓታል" ይሉን ነበር እየሳቁ። "ቀጭ ካላለች አይገዙም!"

ሁሌም የሚያስቅ ነገር ነው የሚያወሩት። እኔም ሌላ ነገር ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ያን ዕለት እሳቸው የሚወስዱት ሀብሀብና ቲማቲም ነበር፤ ተራራውን ተሻግሮ ግራንድ ጀንክሽን። እንደ ልማዳቸው ከመነሳታቸው በፊት ባትሪያቸውን ይዘው ትሬለሩ ሥር ገቡ። ቆዩ። ሲወጡ ጉልበታቸውን እንኳ አላራገፉም፤ በቀጥታ ወደ ይመር ሄዱ።

"የኋላው ግራ ጎማ፣ የፍሬኑ ታምቡር ተሰንጥቋል" አሉት። "ስንጥቁ ጥፍር ያስገባል። የፍሬኑ ሸራም ዘይት ጠጥቷል። ይህ ትሬለር ተራራ አይወጣም።"

ይመር ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ "ጋሼ፣ ጭነቱ ዛሬ መድረስ አለበት። ሰኞ አሠራዋለሁ" አላቸው።

"ሰኞ ከተሠራ ሰኞ እነዳዋለሁ።"

ይመር ስልኩን ዘጋና ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሲጣደፍ ሰው አይታየውም። "እርስዎ እኮ ደንገጎን በአሮጌ በርሊዬ የወረዱ ሰው ነዎት! ይህቺ መንገድ ለእርስዎ ምኗ ነው?"

የጋሼ ፊት ተለወጠ። "ደንገጎን አንተ አታንሣብኝ" አሉት።

ይመር ትከሻውን ሰበቀ። "እሺ፣ ቤትዎ ገብተው ይረፉ። ሀና! ቁልፉን ተቀበያቸው፤ አንቺ ትወስጂዋለሽ።"

እውነቱን ልናገር፤ እጄን ዘረጋሁ። የተራራውን መንገድ ማንም ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር። ከወንዶቹ እንደማላንስ የማሳይበት ቀን መጣ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ጋሼ እጄን አዩት። ከዚያ ቁልፉን የጃኬታቸው የውስጥ ኪስ ውስጥ ከተው ዚፑን እስከ አንገታቸው ዘጉት።

"አልሰጥሽም።"

"ጋሼ፣ ታዝዤ እኮ ነው..."

"ለአንቺም ለማንም አልሰጥም።" ሄደው መኪናው ፊት ቆሙ፤ ጀርባቸውን አስደግፈው። እንዳልክ የሚባለው ሌላው ሾፌር ከራሱ መኪና ወርዶ መጣ። አራታችን ብቻ ነበርን ግቢው ውስጥ።

"መልከጼዴቅ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ" አሉ ጋሼ፣ እኔን እያዩ። "በአንዲት በርሊዬ ተራ በተራ ነበር የምንነዳው። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት አንድ ጠዋት ሐሮማያ ጭነን ስንጨርስ ፍሬኗ መላላቱን አወቅሁ። ተራው የእኔ ነው። ለባለመኪናው ነገርኩት። ‘የጅቡቲ ገበያ አይጠብቅም፤ ስትመለሱ ይሠራል’ አለኝ። አልነዳም ማለት አቃተኝ። አሞኛል አልኩ። ሆዴን ይዤ ተኛሁ።"

ኪሳቸው ውስጥ ያለውን ቁልፍ ከላይ በእጃቸው ጫን አሉት።

"መልኬ በእኔ ተራ ገባ። ስለ ፍሬኑ አንዲት ቃል አልተነፈስኩለትም። ብነግረው እሱም እምቢ ይላል፤ ያኔ አድመኛ ተብዬ ከሥራ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። ደንገጎ ላይ ፍሬኗ አልይዝ አለው። ከታች ገበያተኛው መንገዱን ሞልቶታል። መሪውን ወደ ተራራው ጠመዘዘና ከድንጋዩ ጋር አላተማት። ገበያተኛው አንድም ሰው አልተነካም። እሱ ብቻ ሞተ።"

ይመር "ነፍስ ይማር፣ ግን..." ሲል አቋረጡት።

"አልጨረስኩም! የትራፊክ ፖሊሱ ‘ፍሬኗ እንዴት ነበር?’ ብሎ ጠየቀኝ። ባለመኪናው አጠገቤ ቆሟል። ‘ደህና ነበር’ አልኩ። በሾፌሩ ጥፋት ተብሎ ተጻፈ። ሚስቱ ቀብሩ ላይ ‘መልኬ ቸኩሎ አያውቅም’ እያለች ስትጮህ እኔ ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበርኩ።"

እጄ አሁንም እንደተዘረጋ ነበር። ሰበሰብኩት።

ይመር ፊቱ ቀልቷል። "ይህ የአርባ ዓመት ታሪክ ነው፤ እኔን አይመለከተኝም። መኪናው የእኔ ነው። ቁልፉን ካልሰጡኝ ፖሊስ እጠራለሁ።"

"ጥራ!" አሉት ጋሼ። እንደዚያ ሲጮሁ ሰምቻቸው አላውቅም። "ቁጥሩን እኔ ልደውልልህ? ይምጣና አብረን ሥር እንግባ። ያኔ ፖሊስ ጠይቆኝ ዋሽቻለሁ። ዛሬ ይጠይቀኝ!"

ይመር ስልኩን እንደያዘ ቀረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "ሀና፣ መለዋወጫ ቁልፍ ቢሮ አለ። አምጪና ንጂ።"

"አልነዳም" አልኩ። ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ስለተንቀጠቀጠ ተናደድኩና ደገምኩት። "አልነዳም አልኩህ እኮ! ከፈለግክ አንተ ራስህ ንዳው።"

"አንቺም ሥራ አትፈልጊም ማለት ነው?"

"እንደ ፈለግክ ውሰደው።"

ቀጥሎ እንዳልክን አየው። እንዳልክ ግን ትሬለሩ ሥር ገባና በስልኩ ፎቶ ማንሣት ጀመረ። ፍላሹ ብልጭ ባለ ቁጥር የይመር ፊት ይጠቁራል። በመጨረሻ እየተሳደበ መካኒክ ጠራ።

መካኒኩ ከቀትር በፊት መጣ። ጎማውን አውልቆ ታምቡሩን በመዶሻ መታ ሲያደርገው መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ተገምሶ መሬት ላይ ወደቀ። "ይህን ይዞ ሊወጣ የነበረው ማነው?" ብሎ ጠየቀ። ሀብሀቡና ቲማቲሙ ወደ ሌላ ትሬለር ተዛወረ፤ እንዳልክ ወሰደው፤ በማግስቱ ደህና ደረሰ።

ይመር ይቅርታ አልጠየቀም። ሰኞ ዕለት ጋሼን እንዳይመጡ ነገራቸው። እኔን ገና አላባረረኝም ነበር፤ እኔ ግን የግቢውን መግቢያ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬለት ወጣሁ። በሳምንቱ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሽማግሎች ጋሼ ቤት ሄዱ። ይመር ሊመልሳቸው ፈቃደኛ ነው፣ ነገሩ ግን ከግቢው እንዳይወጣ አሏቸው።

"ይቅር ብዬዋለሁ" አሉ ጋሼ። "ዝም ግን አልልም። የምችለውን ያህል ዝም ብያለሁ፤ አልቋል።"

ከሽማግሎቹ በኋላ ነው ለእኔ የደወሉልኝ። መልከጼዴቅ ሲሞት የሦስት ዓመት ልጅ ነበረችው፤ የምሥራች ትባላለች። "በዚህ በፌስቡክ ፈልጊልኝ" አሉኝ። አራት ቀን ፈጀብኝ። ድሬዳዋ አስተማሪ ሆና አገኘኋት። እሑድ ጠዋት ቤቴ መጡ፤ ድሬዳዋ መሽቷል። ተቀመጡ ብላቸው አልቀመጥም አሉ። ደወልኩላትና ስልኩን ስፒከር ላይ አደረግኩላቸው፤ ቆመው አንድም ሳያስቀሩ ነገሯት። አሞኛል ማለታቸውንም፣ ለፖሊሱ ያሉትንም።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁት።

"እናቴ ከሁለት ዓመት በፊት ነው ያረፈችው" አለች የምሥራች። "እስክትሞት ድረስ ‘መልኬ ቸኩሎ አያውቅም’ ትል ነበር። ማንም አላመናትም። እኔም አላመንኳትም።"

"ይቅር በዪኝ አልልሽም" አሉ ጋሼ። "አይገባኝም። እውነቱን ግን ለአንቺ ላስረክብ ብዬ ነው።"

"በስልክ የተነገረ ምን ያደርግልኛል? ይጻፉት። ያኔ ያሉትንም አሁን የሚሉትንም። የባለመኪናውንም ስም ይጻፉ። ልጆቹ እዚህ የታወቁ ሰዎች ናቸው። ይፈራሉ?"

"አልፈራም።"

እዚያው እኔ ቤት አራት ገጽ ጻፉ። የሰውየውን ስም እስከ አያቱ፣ የራሳቸውንም እስከ አያታቸው፣ ከሥሩም ስልክ ቁጥራቸውን። የምሥራች ደብዳቤው ሲደርሳት አባቷ የተቀበረበት ደብር ሄዳ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሕዝቡ ፊት ቆማ አነበበችው። አሁንም በሕይወት ያሉ ሁለት የድሮ ሾፌሮች እያለቀሱ ሰሟት። ለጋሼ ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ ብላ አልጻፈችም። ደብሩ ውስጥ የተነሣችውን ፎቶ ብቻ ላከችላቸው።

አሁን ጋሼና እኔ ሌላ ድርጅት ውስጥ ነው የምንሠራው። ባለፈው ማክሰኞ ዴንቨር መጋዘኑ በር ላይ ድንች ሲጫንልን ስልካቸው ጮኸ። የበርሊዬዋ ባለመኪና የመጀመሪያ ልጅ ነው። ድምፁ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

"አባታችን የሞተ ሰው ነው! ስሙን አጠፉት! የጻፉትን ውሸት ነው ብለው ያስተባብሉ፣ አለበለዚያ እከስዎታለሁ!"

"መልኬም የሞተ ሰው ነው" አሉት ጋሼ ረጋ ብለው። "ክሰሰኝ። አድራሻዬን ያዝ፤ እስክርቢቶ አለህ?"

የቤታቸውን ቁጥር፣ መንገዱን፣ ኦሮራ ኮሎራዶ ብለው ፊደል በፊደል አስጻፉት። ከዚያ "በትክክል ይዘኸዋል? እስቲ አንብብልኝ" አሉት።

ሰውየው ስልኩን ዘጋው።