አርባ አራት ዕቃ ከነክዳኑ

ልብስ ሰፊዋ ከሆስፒታል ከተመለሰች ሳምንት ሆኗታል፤ ባሏና ልጇ ግን ወጥ ቤት ድርሽ እንዳትል ከልክለዋታል። ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ አልጋ ነው ኑሮዋ። ውሃ ስትል ውሃ ይመጣላታል፣ ሻይ ስትል ሻይ ይመጣላታል፣ ምግብ ስትል ደግሞ እንቁላል ይመጣላታል። የመጀመሪያውን ቀን እንቁላል አመስግና በላች። ሁለተኛውንም በላች። በስምንተኛው ቀን ግን ሳህኑን ስታየው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ሰው መቼም ሰው ነው።

በዚያ ቀን ቤት ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ባሏ የአውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ የመለዋወጫ ዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ ነው፤ ቀበቶው ላይ የታሰሩት ቁልፎች ከደረጃው ግርጌ ጀምሮ ስለሚሰሙ ጎረቤቱ ሁሉ «ቁልፍ ያዡ» ይለዋል። ልጃቸው ጫማ መሸጫ ትሠራለች፤ በሕፃንነቷ ሰው ሳትቆነጥጥ እንቅልፍ አይወስዳትም ነበርና፣ ሃያ ሁለት ዓመት ሞልቷትም «ቁንጥጫ» እንደተባለች ቀርታለች። ሁለቱም በጠዋት ወደ ሥራቸው ሄደዋል። ልብስ ሰፊዋ የቀዶ ጥገናው ስፌት እንዳይጎትታት ጎኗን ደግፋ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ወጥ ቤት ገባች። የፈለገችው ለውሃዋ ትንሽ በረዶ ብቻ ነበር። ፍሪዘሩን ከፈተች።

ሙሉ ነው። ከላይ እስከ ታች ጢም ብሏል።

ክው አለች። ሐኪሞቹ ሌላ ከተማ ባለው ትልቅ ሆስፒታል ቀዶ ጥገናውና ተከታዩ ሕክምና አንድ ወር ተኩል ይፈጃል ሲሏት፣ እሷ መጀመሪያ ያሰበችው ስለ ጎኗ አልነበረም፤ ስለ እነዚህ ሁለት ሰዎች ሆድ ነበር። ዘጠኝ ቀን ምድጃ ሥር ቆመች። ሕመሙ ሲጠዘጥዛት ወንበር ላይ ቁጭ ትላለች፣ ሲተዋት ትነሳለች። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ዕቃ፣ ለአርባ አምስት ቀን አርባ አምስት ዕቃ። ከልብስ ቅድ ወረቀቷ እየቆረጠች በየክዳኑ ላይ ቀኑንና መመሪያውን ጽፋ ለጠፈች፦ «ማክሰኞ። የድንች ሾርባ። ጨው እንዳትጨምር፣ ግፊትህን አስብ።» «ዓርብ። አተር በካሮት። ቁንጥጫ ካሮቱን ለይታ እንዳትጥል።» ያ ሁሉ ሳይነካ፣ በረዶ ለብሶ፣ እንደ ደረደረችው ተቀምጧል።

ነገሩን ያከፋው ደግሞ ስልኩ ነው። ባሏ በየምሽቱ ይደውልላት ነበር። «ዛሬ ያን የድንች ሾርባ በላነው! እጅሽ ይባረክ» ይላል። «ካሮቱ አልበዛም?» ትለዋለች። «ኧረ ልክ ነው! ሳህኑን ጠራርገን ነው የበላነው።» እሷም የሆስፒታሉ ትራስ ላይ ተጋድማ፣ ቢያንስ ቤቴ እየበላ ነው ትልና እንቅልፍ ይወስዳታል። ለካስ ሰውየው ፍሪዘሩን ከፍቶ ወረቀቱን እያነበበላት ኖሯል።

አልጣማቸውም ማለት ነው አለች በልቧ። ዘጠኝ ቀን በሕመም ቆሜ የሠራሁትን አፋቸው ላይ ሊያደርሱት እንኳ አልፈለጉም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። አንድ በአንድ ቆጠረቻቸው፤ አርባ አራት ናቸው። አንዱ የለም። አንዱን ቀምሰው ትተውታል ማለት ነው፤ ይኼኛው ደግሞ ከሁሉ ባሰባት።

ዝም አይነቅዝም ብላ ለማንም ስልክ አልደወለችም። ስድስት ዕቃ ላብ በላብ ሆና አወጣችና ጠረጴዛው ላይ ደርድራ፣ ፊት ለፊታቸው ተቀምጣ ጠበቀች።

ከሰዓት በኋላ ቁልፎቹ ደረጃው ላይ ሲንቃጨሉ ተሰሙ። ባሏ በአንድ እጁ ዳቦ፣ በሌላው እንቁላል ይዞ ገባና ጠረጴዛውን ሲያይ በር ላይ ደርቆ ቀረ።

«ማን ተነሺ አለሽ እሜቴ?» አለ፣ ሌላ የሚለው ቢጠፋው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«አንተ ሰው፣ የታከምኩት ጎኔን ነው፤ ዓይኔ ደህና ነው። ይኼ ምንድን ነው?»

«ሾርባ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የመቼ ሾርባ?»

«የማክሰኞ።»

«የየትኛው ማክሰኞ?»

ዳቦውንና እንቁላሉን ወንበር ላይ አስቀመጠ። ደግነቱ ቁንጥጫ ከሥራ መጣች። ገና ከበሩ ስትገባ ጠረጴዛውንና የሁለቱን ፊት አየችና ቦርሳዋን ወለሉ ላይ ጣለች። «ነግሬህ ነበር አባዬ! ታውቃለች ብዬህ አልነበረም?»

«አንቺም አለሽበት?» አለቻት እናቷ። «እንዴት አንዱን እንኳ አትበሉም? ይህን ያህል ይመራል?»

«እኔማ በልቻለሁ!» አለች ቁንጥጫ። «አንድ ቀን ዝናብ ደብድቦኝ ስገባ ቤቱ ጭር ብሏል። አንቺ የለሽም። ያን የዓርቡን አተር አወጣሁና በደንብ እንኳ ሳላሞቀው፣ ዕቃ ማጠቢያው ጋ ቆሜ በማንኪያ በላሁት። ካሮቱንም በላሁት እማዬ። በረዶው ጥርሴን ሊያረግፈው ነበር። አባዬ ሲደርስብኝ ሁለት ቀን አላናገረኝም። ፍሪዘሩ ላይ ቁልፍ ሊያንጠለጥልበት ምንም አልቀረው!»

ልብስ ሰፊዋ ባሏን አየችው። «ታዲያ ምን ስትበሉ ከረማችሁ?»

«እንቁላል» አሉ ሁለቱም እኩል።

«አንድ ወር ተኩል?»

«አንዳንድ ቀን ዳቦ በሻይም ነበር» አለ ቁልፍ ያዡ፣ ራሱን ለመከላከል።

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ንግግር አይሆንለትም፤ ሥራው ዕቃ መስጠትና ዕቃ መከልከል ነው፣ ለሁለቱም ረጅም ቃል አያስፈልግም። ቁልፎቹን ከቀበቶው ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው።

«እኛ ዘንድ አንድ ሕግ አለ» አለ። «ተተኪው ያልታዘዘ ዕቃ ከመደርደሪያ አይወርድም። ሹፌር ቢያለቅስ፣ ሥራ አስኪያጅ ቢጮህ አይወርድም።»

«እና እኔን የአውቶቡስ መለዋወጫ አደረግከኝ?»

«አንቺማ መለዋወጫ የለሽም» አለ።

ይህን ብሎ ተነሳና ከፍሪዘሩ ጥግ፣ ከሁሉ ሥር ያለውን ዕቃ አውጥቶ ፊቷ አስቀመጠው። «ዕቃ ስረከብ እስከ ታች ሳላይ አልረከብም፤ ልማዴ ነው። አንቺ የሄድሽ ዕለት ሁሉንም አወጣሁና ወረቀቱን ሁሉ አነበብኩ። ይኼንንም አነበብኩት።»

ልብስ ሰፊዋ ክዳኑ ላይ ያለውን በረዶ በአውራ ጣቷ ጠረገችው። ጽሑፉ የራሷ ነው፣ ግን ጨርሶ ረስታው ነበር። የጉዞዋ ጠዋት፣ ታክሲው ከታች ክላክስ እያሰማ፣ በጥድፊያ የጫረችው ነው፦ «ይኼ የመጨረሻው ነው። አሙቃችሁ ብሉ። ከዚህ በኋላ አይዟችሁ።»

«አይዟችሁ የሚል ምግብ እንዴት ይበላል?» አለ ባሏ። «አንዱን ከነካሁ ወደዚህኛው በአንድ ቀን ቀረብኩ ማለት ነው። ያለቀ ዕለት አንቺም የምታልቂ መሰለኝ። እብደት ነው፣ አውቃለሁ።»

«ታዲያ በስልክ ለምን ትዋሸኛለህ?»

«አልበላንም ብልሽ አንቺ ታዝኛለሽ፣ ብበላው እኔ አዝናለሁ። ከሁለቱ ውሸቱ ቀለለኝ።»

ልትቆጣ አሰበች፣ ቁጣው ግን ከየት ይምጣ። ሠላሳ አንድ ዓመት አብራው ስትኖር ይህ ሰው እወድሻለሁ ሲል ሰምታው አታውቅም። በሠርጋቸው ዕለት እንኳ «ጫማው አልጠበበሽም?» ነው ያላት። አሁን አርባ አራት ዕቃ ከነክዳኑ ሳይነካ አቆይቶ የሆዱን ነገራት። አንጀቷን በላው። እጁን ያዘችው፤ እጁ ከበረዶው የተነሳ ቀዝቅዞ ነበር።

«በል፣ ከዛሬ ጀምሮ ይበላል» አለች።

«አይሆንም። ውጤቱ ይምጣ።»

«ውጤቱ» ያለው፣ ሦስቱም በአፋቸው ሊጠሩት የፈሩት ነገር ነው። ከሆስፒታሉ ስትወጣ የመጨረሻውን ምርመራ አድርጋ ነበር፤ በሽታው ጨርሶ መውጣት አለመውጣቱን ሐኪሟ ራሷ ከሁለት ሳምንት በኋላ በሚውለው ሐሙስ፣ ከምሳ በፊት ደውላ ትነግራታለች። እስከዚያ አሥራ አምስት ቀን አለ።

«ስማኝ» አለችው። «ይኼን ሁሉ ሳበስል የማሰናዳው እኔ የሌለሁበትን ማዕድ ነበር። ሽንኩርት ስከትፍ ሁለት ሳህን ነው በዓይኔ የሚመጣው፣ ሦስተኛው የለም። አሁን ግን አለሁ። ውጤቱ የፈለገውን ይበል፣ ዛሬ አለሁ። እኔ እያለሁ ካልተበላ ለመቼ ልታስቀምጠው ነው? ለለቀስተኛ ልታቀርበው?»

«እማዬ!» አለች ቁንጥጫ።

ቁልፍ ያዡ የማክሰኞውን ሾርባ አንስቶ ድስት ፍለጋ ሄደ።

እንዲህ ሆኖ መብላት ጀመሩ። ቀን ሁለቴ፣ አንዳንዴም ሦስቴ። ፍሪዘሩ ሲጎድል የወጥ ቤቱ መደርደሪያም አብሮ ተፈተሸ፤ ተከፍቶ የተረሳ ሩዝ፣ ከሦስት ዓይነት ፓስታ የተረፈ እፍኝ እፍኝ፣ ቀኑ ሊያልፍበት አንድ ሳምንት የቀረው የባቄላ ቆርቆሮ። ሦስቱ ዓይነት ፓስታ በአንድ ድስት ገብቶ አንዱ ሲበስል አንዱ ጥሬ፣ አንዱ ሲሟሟ አንዱ ገና። ከቲማቲም ስጎ ጋር ተበላ። አንድ ቀን «ምስር» የሚል ዕቃ ተከፍቶ በስኳር የተቀቀለ ፖም ሆኖ ተገኘ፤ ወረቀቱን ተሳስታ የለጠፈችው ራሷ ናት። ይህ ሲታወቅ ግን ቁልፍ ያዡ ቁንዶ በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ጨምሮበት አብቅቷል። እሱንም በሉት። ቁንጥጫ ከወንበሯ ልትወድቅ እስክትደርስ ሳቀች፤ ልብስ ሰፊዋም ስፌቷን በሁለት እጇ ደግፋ «አታስቁኝ፣ ልትተረትሩኝ ነው!» እያለች ሳቀች።

እሷን ያስገረማት ሌላ ነገር ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ስታበስል የምግቧን ጨው ታውቃለች እንጂ ጣዕሙን አታውቅም ነበር። ሁሌም መጨረሻ የምትቀመጠው እሷ ናት፣ ያውም አንድ እግሯ ወደ ምድጃው ዞሮ። አሁን ሌላ ሰው ያሞቃል፣ ሌላ ሰው ያቀርባል፣ እሷ እንደ እንግዳ ተቀምጣ ትበላለች። ባለሙያ ነኝ ለካ አለች። አንድ ቀን ሳታስበው «ያበሰለችው እጇ ይባረክ!» ብላ ጮክ ብላ መረቀች፤ ሁለቱም እኩል አሜን አሉ። በዚያች ቅጽበት ስለ ብዙ ነገር አመሰገነች፦ ዘጠኝ ቀን ስለተሸከሟት እግሮቿ፣ አንድ ወር ተኩል አንዴም ስላልተበላሸው አሮጌ ፍሪዘር፣ እንቁላል እየዋጠ ስለጠበቃት ግትር ሰው። ፍርሃቱ ግን አልሄደም። ሐሙስ እየቀረበ ነው፣ ዕቃውም እያለቀ ነው፤ ባሏ ፍሪዘሩን በከፈተ ቁጥር እጁ ከጥጉ ዕቃ ሲሸሽ ታየዋለች።

ሐሙስ ጠዋት ስትነሳ ወጥ ቤት ውስጥ ድስት ሲንኳኳ ሰማች። ቁልፍ ያዡ ከሥራ ፈቃድ ወስዷል። ማንም ሳያዘው የመጨረሻውን ዕቃ ከዋዜማው አውጥቶ በረዶውን አስለቅቆ ኖሯል። በላዩ የተለጠፈውን ወረቀት በጥፍሩ ልጦ ቅርጫት ውስጥ ጣለው። ዶሮ በድንች ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ዶሮ በድንች ይበላ እንደሆነ የጠየቀ የለም።

«ስልኩ ሳይጮህ እንብላው» አለ።

ሦስት ሳህን ቀረበ። አጥንቱን ግጠው፣ መረቁን በዳቦ ጠራርገው፣ ዕቃው ታጥቦ እስኪደፋ ድረስ አንድም ሰው ስለ ስልኩ አላነሳም። ስልኩ የጮኸው አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ነው።

ሐኪሟ ስትናገር ትቸኩላለች። ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ተጭና ሰማች፣ «እ» አለች፣ ደግማ «እ» አለች፣ ከዚያ «ይድገሙልኝ» አለች። ተደገመላት። ምንም የቀረ ነገር አልተገኘም፤ ለክትትል ከስድስት ወር በኋላ ይመጣሉ። ስልኩን አስቀመጠችና «ነፃ ነኝ» አለች። ቁንጥጫ እየጮኸች አንገቷ ላይ ተጠመጠመች። ቁልፍ ያዡ ተነስቶ ቆመ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ቆመ፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቷቸው ትከሻው እስኪርገፈገፍ አለቀሰ።

እንባው ሲደርቅ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ተነግሮት ሲያበቃ፣ ምሳ ሰዓት ደረሰ። ቁልፍ ያዡ ፍሪዘሩን ከፈተ፤ ባዶ ነው። መደርደሪያውን ከፈተ፤ ጨውና ሻይ ቅጠል ብቻ ነው ያለው። የመደርደሪያውን በር እንደያዘ ወደ እሷ ዞረ።

«እሜቴ፣ ዛሬ ምን እንበላለን?»

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ መርፌ በጥርሷ ይዛ ጨርቅ ስትለካ፣ በየቀኑ የሚመጣባት ጥያቄ ይኼ ነው። ስንቴ «ጭንቅላቴን ብላ!» ብላዋለች። ባለፉት ወራት ግን አንዴም ጠይቋት አያውቅም። ይህን የሚጠይቅ ሰው የምትመልስለት ሴት ነገም ከነገ ወዲያም አጠገቡ እንደምትኖር የማይጠራጠር ሰው ነው።

ልብስ ሰፊዋ ሶፋው ላይ ተደገፈች፣ እግሯን ዘረጋች፣ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች።

«ቆይ ላስብበት» አለችው። «ጊዜ አለን።»